ተማሪን ሙዚየም ወስዶ ማስተማር፦ ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

«ተማሪዎቼን ብሔራዊ ሙዚየም ልወስድ ነው፤ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ በየወሩ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ የታሪክ፣ የሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን ናቸው። በስልክ ሳስረዳ ለአንዱ የነገርኩት ለሌላው ስለሚቀር፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀመጥኩት።

መመሪያው ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ይሆናል። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት በእግር ሊደረስባቸው ከሚችሉ ሁለት ሙዚየሞች ነው። አንደኛው አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ሌላ ሙዚየም ቢመርጡም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ከሁሉ በፊት የጉዞውን ዓላማ ይወስኑ። ሙዚየሙን ከላይ እስከ ታች ማዳረስ ከፈለጉ ይህ መመሪያ አይጠቅምዎትም። ተማሪው አንድ ዕቃ ፊት ቆሞ፣ ራሱ አይቶና ራሱ አስቦ የሆነ ነገር ላይ እንዲደርስ ከፈለጉ ግን ይቀጥሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት 62 ልጆች ይዤ ገብቼ ሁሉንም ክፍል አዳረስኩ፤ ሁሉም ደብተራቸውን ሞልተው ተመለሱ። በማግስቱ «ድንቅነሽ ቁመቷ ምን ያህል ነበር?» ብዬ ስጠይቅ አንድ ልጅ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ክፍሉም ተስማማ። ቁጥሩ ግን በየደብተራቸው በትክክል ተጽፎ ነበር። ገልብጠውታል እንጂ አላዩትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ማኅተም ያረፈበት የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ከአንድ ትርፍ ቅጂ ጋር
• በወላጅ የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ለእያንዳንዱ ተማሪ
• እርሳስና መቅረጫ (እስክሪብቶ አይያዝ)
• መስመር የሌለው ወረቀት፣ ለአንድ ተማሪ ሦስት ገጽ
• ወረቀቱን ደግፎ ለመጻፍ የሚሆን በደብተር ልክ የተቆረጠ ካርቶን
• በትክክል 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ተለክተው የተቆረጡ ሦስት ሲባጎዎች
• የልብስ ሰፊ ሜትር
• የመግቢያ ክፍያ፣ በዝርዝር ብር
• ውኃና ዳቦ ወይም ቆሎ፣ በግቢው አትክልት ሥፍራ ከጉብኝቱ በኋላ የሚበላ
• የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሣጥን
• የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ በየቡድኑ ተከፋፍሎ

ካርቶኑን አይርሱ። ልጅ የሚደገፍበት ካጣ ወረቀቱን የመስታወት ሣጥኑ ላይ አንጥፎ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ የጥበቃ ሠራተኛው መቆጣቱ አይቀርም፣ ልጁም ተሸማቆ ቀኑን ሙሉ ከዕቃዎቹ ይርቃል።

1. አንድ ጥያቄ ይምረጡ

«የጥንት ታሪክ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር በምን ታወቀ?» ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱም እዚያው አጥንቱ ላይ ይገኛል። ጥያቄ የያዘ ልጅ ዓይኑ የሚፈልገውን ያውቃል። ርዕስ ብቻ የያዘ ልጅ ግን ሁሉም ነገር እኩል ስለሚሆንበት ቶሎ ይደክመዋል። ጥያቄው በክፍል ውስጥ ከያዙት ምዕራፍ ጋር መገናኘት አለበት፤ አለዚያ ሲመለሱ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም።

2. አስቀድመው ብቻዎን ሄደው ይዩ

ይህን እርምጃ የሚዘሉ መምህራን ብዙ ናቸው፤ የቀኑ ችግር ሁሉ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ተማሪዎችዎን በሚወስዱበት ሰዓት ይሂዱ። ሙዚየሞች ዕቃ ያዛውራሉ፣ ክፍሎችን ለእድሳት ይዘጋሉ፤ ስለዚህ አምና ባዩት አይተማመኑ። የሚከተሉትን ያረጋግጡ፦

• ለጥያቄዎ መልስ የሚሰጡ ሦስት ዕቃዎች የት እንዳሉ። ከሦስት አይለፉ።
• በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ 15 ልጅ መቆም መቻሉን። ጠባብ ከሆነ ሌላ ዕቃ ይምረጡ።
• መጸዳጃ ቤቱ፣ የፍተሻው ቦታና ቦርሳ የሚቀመጥበት የት እንደሆነ።
• ፎቶግራፍ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ፣ በየትኞቹ ክፍሎችም እንደሚከለከል።

በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት እርስዎ ራስዎ አምስት ደቂቃ ቆመው ይሳሉ። እርስዎን ካሰለቸዎት ልጆቹንም ያሰለቻል።

3. ደብዳቤውን ያስገቡ፣ ቀጠሮ ይያዙ

በደብዳቤው ላይ የክፍል ደረጃውን፣ የተማሪውንና የአጃቢውን ብዛት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይግለጹ። የመግቢያ ዋጋውን በአካል ሲሄዱ ይጠይቁ። ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄዱ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው በር ላይም ፍተሻ ስላለ ትርፍ ቅጂው የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

አስጎብኚ የሚመደብልዎ ከሆነ ቀድመው ያነጋግሩትና ጥያቄዎን ይንገሩት። «ጋሼ፣ ልጆቹ መጀመሪያ ራሳቸው ይዩት፤ ከዚያ ጥያቄ ይጠይቁዎታል» ብለው በአክብሮት ቢያስረዱት ደስ ብሎት ይተባበራል። ይህን ካላደረጉ ሙሉውን ገለጻ ይሰጣል፤ ልጆቹም ወደ ዕቃው ሳይሆን ወደ እሱ ሲያዩ ሰዓቱ ያልቃል።

4. ዕቃ ማንበብን በጀበና ያስተምሩ

ከጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይስጡ። ከዚህ መመሪያ አንድ እርምጃ ብቻ መከተል የሚችሉ ከሆነ ይህንን ይምረጡ።

ከቤት ያገለገለ ጀበና ይዘው ይምጡ። አዲስ አይሁን፤ ጥላሸት የያዘ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ቢሆን ይመረጣል። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና «ይህ ነገር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ናችሁ። ዝም ብላችሁ ሁለት ደቂቃ እዩት» ይበሉ። ቀጥለው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይጠይቁ፦

• ምን ታያላችሁ?
• ከዚያ ተነስታችሁ ምን ትላላችሁ?
• ያንን ያስባላችሁ የትኛው ምልክት ነው?

መጀመሪያ «ቡና ማፍያ ነው» ይላሉ። «እሱን አላየኸውም፣ ታውቀዋለህ። ያየኸውን ንገረኝ» ብለው ይመልሱት። ቀስ በቀስ ይመጣል፦ ታቹ ጠቁሯል፣ አንገቱ ግን አልጠቆረም፤ ስለዚህ እሳት የሚነካው ከሥሩ ብቻ ነው። እጀታው ያለው በአንድ ጎን ነው፤ ስለዚህ በአንድ እጅ ይያዛል። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የሚይዘው ፈሳሽ ነው፣ ሲቀዳም ዝቃጩ እንዳይወርድ ተፈልጓል። አንድ ጊዜ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ጀበናውን አዟዙራ ካየች በኋላ «መምህር፣ ይህንን ስትይዝ የነበረችው ሴት በቀኝ እጇ ነው የምትቀዳው» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቷ ግን የተሸረፈውን የአፉን ጠርዝ እያሳየች በየትኛው በኩል ከሲኒ ጋር ሲጋጭ እንደኖረ አስረዳች። እውነት ይሁን አይሁን ልናረጋግጥ አልቻልንም፤ ያየችውን ከደመደመችው ለይታ ማቅረቧ ግን የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ሆነ።

ይህ ልምምድ የሚያስፈልገው፣ ልጅ አዲስ ቦታ ሲገባ ዓይኑ በሕንፃው፣ በሰዉ፣ በደረጃው ስለሚያዝ ነው። ዕቃን አስተውሎ ማየት ቀድሞ የለመደ ከሆነ እዚያ የሚጨመርበት ቦታውን መልመድ ብቻ ነው። በዚሁ ክፍለ ጊዜ የሙዚየሙን ንድፍ ሰሌዳ ላይ ይሳሉላቸው፤ በር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ቦርሳ ማስቀመጫ፣ መሰብሰቢያ። «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ሲደርሱ ቀድሞ ተመልሶ ይቆያል።

5. ቅጂና ዋናውን አስቀድመው ያስረዱ

ሙዚየሙ ውስጥ ለእይታ የቀረበችው ድንቅነሽ ቅጂ ናት። ዋናው ቅሪተ አካል 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው በመሆኑ ጥበቃ በሚደረግበት ቦታ ተቀምጧል። ልጆች ይህንን እዚያ ሲሰሙ «ታዲያ ምን ልናይ መጣን?» ብለው ያዝናሉ፤ ቀኑም ይበላሻል። በክፍል ውስጥ ሲሰሙት ግን ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል፦ ቅጂው ከዋናው ላይ በቀጥታ የተወሰደ ስለሆነ መጠኑና ቅርጹ ያው ነው፤ ከቅጂ ሊታወቅ የማይችለውስ ምንድን ነው? ከፍ ያሉ ክፍሎች ክብደት፣ የድንጋዩ ይዘት እያሉ ራሳቸው ይደርሱበታል።

6. ቡድን ይመድቡ

45 ተማሪ ካለዎት ሦስት ትልልቅ ምድብ፣ በእያንዳንዱ ምድብ 15 ልጅ ያድርጉ። ምድቡን እንደገና በአምስት በአምስት ይከፋፍሉ። ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ መምህርና አንድ አጃቢ ወላጅ ይመድቡ። ሦስቱ ምድቦች ሦስቱን ዕቃዎች በየ20 ደቂቃው ይፈራረቃሉ። እንዲህ ሲሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ሣጥን ላይ አይረባረብም፤ ከኋላ የቆመ አጭር ልጅም ማየት ይችላል።

አጃቢ ወላጆችን ለብቻቸው አነጋግረው መልስ እንዳይናገሩ ይለምኗቸው። ለልጅ መንገር ለወላጅ ደስታ ነውና ይህ ቀላል ልመና አይደለም፤ ምክንያቱን ካስረዷቸው ግን ይረዱዎታል።

7. የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ነጻ ይልቀቁ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢደርሱ፣ ፍተሻውና ቲኬቱ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ «10 ደቂቃ የፈለጋችሁትን እዩ፤ እዚህ እንገናኝ» ይበሉ። የልጁ ጉጉት መጀመሪያ ካልበረደ ከሥራው ጋር ሲታገል ይቆያል። አጃቢዎች በበሮቹ ላይ ይቁሙ።

8. በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ይህንን ቅደም ተከተል ይከተሉ

ሀ. ሁለት ደቂቃ ዝምታ። ማንም አይጽፍም፣ ማንም አይናገርም።

ለ. አምስት ደቂቃ ሥዕል። ሥዕሉ ማማር የለበትም። እጅ ሊስል ሲል ዓይን ዝርዝሩን ለመፈለግ ይገደዳል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። «አልችልም» ለሚል ልጅ አንድ ክፍል ብቻ እንዲስል ይንገሩት፤ አንድ ጥርስ ወይም አንድ እጀታ።

ሐ. ሰባት ደቂቃ ውይይት በአምስት በአምስቱ ቡድን፣ በሦስቱ የጀበና ጥያቄዎች።

መ. የመግለጫ ጽሑፉን ማንበብ። ይህ የግድ መጨረሻ ላይ ይሁን። ጽሑፉ ቀድሞ ከተነበበ ልጁ መልሱን አገኘሁ ብሎ ማየት ያቆማል፤ ከውይይት በኋላ ከተነበበ ግን «ልክ ነበርን!» ወይም «ይህንን አላየነውም፣ የት ነው?» ብሎ እንደገና ወደ ዕቃው ይመለሳል።

በድንቅነሽ ፊት እንዲህ ያድርጉ። አንድ ልጅ ሲባጎውን ጫፉን መሬት አስነክቶ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌሎቹ አጠገቡ ይቁሙ። 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የእሷ ቁመት ነው። የ7ኛ ክፍል ልጅ ደረቱ ሥር ሲደርስ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል፤ ያ ቁጥር ከዚያ በኋላ አይረሳም። ቀጥሎ የጎደሉትን አጥንቶች ይፈልጉ። የተገኘው ከሙሉ አጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ሲሆን ከራስ ቅሏ አብዛኛው የለም። እዚህ ላይ የያዙትን ጥያቄ ያንሱ፦ ታዲያ በሁለት እግሯ መሄዷ በምን ታወቀ?

ልጆቹ ቆመው እጃቸውን ዳሌያቸው ላይ አድርገው ወደ ጉልበታቸው ያውርዱ። የሰው የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚህ ምክንያት ስንራመድ እግራችን ከሰውነታችን ሥር ይውላል። የቺምፓንዚ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሁለት እግሩ ሲቆም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውም ለዚህ ነው። የሰው የዳሌ አጥንት አጭርና ሰፊ ነው፣ የቺምፓንዚ ረጅምና ጠባብ። አሁን ወደ መስታወቱ ይመልሷቸውና የድንቅነሽ ዳሌና ጉልበት የትኛውን እንደሚመስል ይዩ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ስሕተት አለ፤ ቀድመው ይዘጋጁበት። ልጆች ሰላም የተባለችውን የሕፃን ቅሪተ አካል «የድንቅነሽ ልጅ» ይሏታል። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ተገኘች። ሰላም በ1993 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ በዲኪካ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ብትሆንም ከድንቅነሽ 100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። «ልጅ ከእናቷ ልትቀድም ትችላለች?» ብለው ቢጠይቁ ራሳቸው ያርሙታል።

ወደ ስድስት ኪሎ ከሄዱ ደግሞ ለሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጊዜ ይስጡ። ክሮቹን ያስቆጥሩ፦ ማሲንቆ 1፣ ክራር 5 ወይም 6፣ በገና 10። ጥያቄው «አንድ ክር ብቻ ያለው ማሲንቆ እንዴት ብዙ ዓይነት ድምፅ ያወጣል?» ነው። መልሱ የጣት ነገር ነው፤ ጣት ክሩን በነካበት ቦታ የሚርገበገበው ርዝመት ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ይህንን ያየ ተማሪ የፊዚክስ መምህሩ ስለ ድምፅ ሲያስተምር የሚያስታውሰው ነገር ይኖረዋል።

9. በአንድ ሰዓት ተኩል ያቁሙ

ከዚያ በላይ የልጅ ትኩረት አይቆይም። መቀመጫ መፈለግ፣ ግድግዳ መደገፍ፣ እርስ በርስ መጎነታተል ሲጀምሩ ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው። ወደ አትክልቱ ያውጧቸው፣ ዳቦውን ያድሉ። ሁለቱን ሙዚየሞች በአንድ ቀን ማድረግ የሚቻለው ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ብቻ ነው፤ ያውም በመካከሉ በቂ ዕረፍት ሲኖር።

10. በሁለት ቀን ውስጥ በክፍል ያስከትሉ

የሚቀጥለው ሳምንት ከተባለ ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዕቃ አምጥቶ ከ30 ቃላት ያልበለጠ መግለጫ ይጻፍለት፤ ወንፊት፣ የአያት መነጽር፣ የድሮ ሬዲዮ። በመግለጫው ውስጥ በዓይን የታየ ነገርና ከሱ የተደመደመ ነገር መኖር አለበት። ክፍሉ በዚያ ቀን ሙዚየም ይሆናል። ውድ ጌጣጌጥና ንዋየ ቅድሳት እንዳይመጡ አስቀድመው ያስጠንቅቁ፤ ዕቃዎቹንም በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመልሱ።

ለመመዘን ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። ከዚህ በፊት ያላዩትን ዕቃ ያስቀምጡላቸውና ሦስት ያዩትን ነገር፣ አንድ ድምዳሜና ምክንያቱን ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ

• ምንም ዕቃ አይነካ። የእጅ ላብና ቅባት ብረትን ያዝጋል፣ ብራናን ያበላሻል። ምክንያቱ የተነገረው ልጅ ከተከለከለው ልጅ የበለጠ ይጠነቀቃል።
• የካሜራ ብልጭታ ይጥፋ፤ ብርሃን ቀለምንና ጨርቅን ቀስ በቀስ ያደበዝዛል።
• ከአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ሲሄዱ መንገዱ ዳገት ነው፤ መኪናውም ብዙ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው በእግረኛ መንገድ ብቻ ይሂዱ፤ አደባባዩ ጋ ሲሻገሩ ከፊትም ከኋላም አዋቂ ይኑር።
• ወደ መስቀል አደባባይ ወደሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ታናናሽ ልጆችን አይውሰዱ። የሟቾች አጽምና ልብስ ይታይበታል። ለከፍተኛ ክፍሎችም ቢሆን ለወላጆች በግልጽ ያሳውቁ፤ በክፍልዎ ውስጥ ዘመዱን በዚያ ያጣ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ለማልቀስ የወጣ ልጅ ብቻውን እንዳይሆን አንድ አዋቂ ደጅ ይቁም።
• ሲገቡ፣ ምድብ ሲቀያየሩና ሲወጡ ልጆቹን ይቁጠሩ። ሦስቴ።

የተለመዱ ስሕተቶች

ሃያ ጥያቄ ያለው ወረቀት ማደል። ልጁ መልስ ፍለጋ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ይሮጣል፤ ዕቃውን አያየውም። ሦስት ዕቃ፣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

ጉዞውን ሰኔ ላይ፣ ከፈተና በኋላ ማድረግ። ያን ጊዜ ሽርሽር ይሆናል፤ የሚያስከትሉበት ክፍለ ጊዜም የለም፣ ዝናቡም ገብቷል።

ሥዕሉን ለውበቱ ማረም። አንድ ጊዜ «ይህ አስቀያሚ ነው» ከተባለ ልጁ ሁለተኛ አይስልም። በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ ካለብዎ «ይህንን እንዴት አየኸው?» ብለው ይጻፉ።

ጸጥ ያለውን ልጅ መርሳት። በውይይት የማይናገር ልጅ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሌላው ያላየውን አይቷል። ከመመለስዎ በፊት በአውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቶቹን ያገላብጡ።

መጓጓዣ ስለሌለ መተው። ትምህርት ቤትዎ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ከሆነ በእግር ይሄዳሉ። ሩቅ ከሆነና አቅም ከሌለ ደግሞ ከ4ኛው እርምጃ ይጀምሩና 10ኛውን ያስከትሉ፤ ለሁለቱ የሚያስፈልገው ጀበናና ልጆቹ ከቤት የሚያመጡት ዕቃ ብቻ ነው።